ቁልፉ ማን ጋ ነው? ስለ ጨረራ ደህንነት በዩኒቨርሲቲ

(ይህ አራት ኪሎ አካባቢ ለመምህራን፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለንብረት ክፍልና ለጥበቃ ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመጨረሻ የተነሱ ጥያቄዎችንም ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

ከሁሉ በፊት የንብረት ክፍልና የጥበቃ ባልደረቦች በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። "ጨረራ" የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ የሚመጡት የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። የሚያውቁትን ሰምተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔ ግን ዛሬ በአብዛኛው የማወራው ለእናንተ ነው። ለምን እንደሆነ ከዚህ ታሪክ ትረዱኛላችሁ።

የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 ከካናዳ አንድ ማሽን ገዛ። ጋማሴል 220 ይባላል። ውስጡ ጨረራ የሚረጭ ኮባልት 60 አለ፣ ዙሪያው በወፍራም እርሳስ ታጥሯል። ናሙናህን ታስገባለህ፣ ጨረራው ይመታዋል፣ መልሰህ ታወጣዋለህ። በሥርዓቱ ለያዘው ሰው ምንም የማያስፈራ ማሽን ነው። እስከ 1985 ተሠራበት። ከዚያ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ።

በ2010 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲው አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሸጠ። ማሽኑም አብሮ ተሸጠ። የገዙት ማያፑሪ በሚባል ሰፈር የሚሠሩ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ናቸው። እንደ ሙያቸው ፈታቱት። እርሳሱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ። ኮባልቱም ተቆራረጠ። አንዱ ነጋዴ ቁራጯን የኪስ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ይዟት ዞረ። የሰዎቹ ቆዳ ተቃጠለ፣ ጠቆረ። አፕሪል ላይ ሆስፒታል ገቡ። አንድ ሰው ሞተ። የህንድ አቶሚክ ኃይል ተቆጣጣሪ ቦርድ ነገሩን ወደ ኋላ ተከትሎ ሲሄድ የደረሰው ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ማሽኑ ከተገዛ አርባ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ያ ኮባልት ከመጀመሪያ ኃይሉ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልቀረውም። በዚያ አቅሙ ነው ሰው የገደለው። "አሮጌ ነው፣ ደክሟል" የሚባል ነገር ስትሰሙ ይህን አስታውሱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠፋው ማነው? ኬሚስቱ ጨረራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሲሠራበት በነበረ ጊዜ የተጎዳ ሰው አልሰማንም። ነጋዴው በኪሎ ገዛ፣ ሥራው ነው። ጥፋቱ የተሠራው በመሃል ነው። አንድ ወረቀት ላይ፣ "አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት" የሚል ዝርዝር ውስጥ። ያንን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው ምን እየፈረመ እንደሆነ የነገረው የለም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከዚህ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያሉት ልጆች የማይፈቱት ነገር የለም። ከጀነሬተር እስከ ፍሪጅ መጭመቂያ በመዶሻና በመሮ ብቻ ይበትኑታል። እኔ በበኩሌ የእጃቸውን ሥራ አደንቃለሁ። ግን አንድ ከባድ ሳጥን ከዩኒቨርሲቲ ቢመጣላቸው ምን ያደርጋሉ? እርሳስ ክብደት አለው፣ ዋጋም አለው። ደስ ብሏቸው ነው የሚከፍቱት። በየሰፈሩ "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረውን ሰው ጨረራ አስተምረን አንዘልቀውም። እሱ ጋ ሳይደርስ ግቢያችን በር ላይ ማስቀረት ግን እንችላለን።

ብራዚል ጎያንያ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አንድ የግል ክሊኒክ ሕንፃ ሲቀይር የሲዚየም 137 ማሽኑን ትቶት ሄደ። ሰዎች ገብተው ወሰዱት፣ ከፈቱት። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበር። አምሮባቸው ለዘመድ ለጎረቤት አከፋፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ተሰብስቦ ተመረመረ፣ 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። እዚያም ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ የደረሰ ነገር የለም። የሚጠይቀው ሰው ሲጠፋ ነው ጣጣው የመጣው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ምን አለ? ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። የፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክሉ፣ ለመማሪያ የሚሆኑ የጨረራ አመንጪዎች ይኖራሉ። እነሱ በጣም ደካማ ናቸው። በአግባቡ ከተያዙ የሚያስጨንቁ አይደሉም፣ ዋናው እንዳይጠፉ ነው። የአፈር ጥናት ክፍል የአፈር እርጥበት የሚለካበት መሣሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ውስጡ አሜሪሲየምና ቤሪሊየም አለ፣ ኒውትሮን ይረጫል። ባዮሎጂ ፎስፈረስ 32 ይጠቀማል። ጂኦሎጂና ኬሚስትሪ የማዕድን ቅንጣት የሚያጠኑበት የኤክስሬይ ማሽን አላቸው። ሕክምና ትምህርት ቤት ከሆነማ ዓይነቱ ይበዛል። ጥቁር አንበሳ በኮባልት ማሽን የካንሰር ሕክምና መስጠት ከጀመረ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለረጅም ጊዜም በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ስንት ሺህ ሰው ከየክልሉ ተነስቶ ተስፋ አድርጎ የሚመጣው ወደዚያ ጨረራ ነው። ስለዚህ ጨረራ ጠላት ነው የሚል ሰው ከእኔ አትሰሙም።

ሁለቱን ዓይነት ግን ለዩልኝ። ኤክስሬይ ማሽን ሶኬቱ ሲነቀል ያበቃለታል። መብራት ጠፋ ማለት ጨረራው ጠፋ ማለት ነው። ኮባልት፣ ሲዚየም፣ አሜሪሲየም ግን መብራት ኃይልን አይጠብቁም። ሌሊትም፣ በዓልም፣ ክረምት ግቢው ጭር ሲልም ይሠራሉ። አሜሪሲየም 241 ግማሽ ዕድሜው 432 ዓመት ነው። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን አንድ ሰው ቆልፎበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንከፍተው ግማሹን እናገኘው ነበር። የእኛ የንብረት መዝገብ ስንት ዓመት ይቆያል? እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለ ቁጥሮች ትንሽ ልበል፤ ከቁጥር ውጪ የሚወራ ጨረራ ወይ ያስፈራል ወይ ያዘናጋል። ጨረራ ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚለካው በሲቨርት ነው። አንድ ሲቨርት በጣም ብዙ ስለሆነ በሺኛው፣ በሚሊሲቨርት እናወራለን። ማንኛውም ሰው ምንም ሳያደርግ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከሚተነፍሰው አየር፣ ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። ይህ የዓለም አማካይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከሰማይ የሚመጣው ድርሻችን ጅቡቲ ካለው ሰው ይበልጣል። አትደንግጡ፣ ስንወለድ ጀምሮ አለ።

ከዚህ በላይ፣ ከሥራ ጋር የማይገናኝ ተራ ሰው በሌሎች ሥራ ምክንያት በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳያገኝ ዓለም አቀፉ ደንብ ይከለክላል። በጨረራ የሚሠራ ባለሙያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 ማለፍ የለበትም። ለሥልጠና የሚገቡ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ጣሪያቸው 6 ነው። ሕክምና ላይ ያለ በሽተኛ በዚህ አይለካም፤ የእሱን ሐኪሙ ነው የሚወስነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ጣሪያው እንደ በጀት የሚጨረስ አይደለም። "ገና 20 አልሞላሁም" ብሎ የሚዝናና ባለሙያ አጋጥሞኛል። ደንቡ የሚለው ሌላ ነው፦ ጣሪያው ሳይደርስም፣ መቀነስ የሚቻለውን ያህል ቀንስ።

መቀነሻው ሦስት ነገር ነው። አጠገቡ አትቆይ፣ ራቅ በል፣ ጋርድ። ከሦስቱ ርቀት ነፃ ነው፣ ኃይሉም ይገርማል። ከትንሽ አመንጪ ያለህን ርቀት እጥፍ ብታደርግ ጨረራው ወደ ሩብ ይወርዳል። ተማሪ በጣቱ ሲያነሳው ቆዳው ከአመንጪው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው እንበል። በ30 ሳንቲ ሜትር መቆንጠጫ ቢያነሳው ጣቱ ላይ የሚያርፈው 900 ጊዜ ያንሳል። መቆንጠጫው ከአንድ ቁርስ ዋጋ ብዙ አይበልጥም። ሆኖም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ልጆቹ በጣታቸው ሲያነሱ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የጨረራ መከላከያ አዋጅ አገራችን ያወጣችው በ1986 ዓ.ም. ነው። እሱ በአዋጅ ቁጥር 571/2000 ተተካ፣ ያም በ1025/2009 ተተካ። ለረጅም ጊዜ ተቆጣጣሪው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ነበር። አሁን ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀያየራል፣ መሠረቱ ግን ያው ነው፦ ያለ ፈቃድ ማስገባት የለም፣ መያዝ የለም፣ ማዘዋወር የለም፣ ማስወገድም የለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን እዚህ ላይ ነው። "ተቆጣጣሪው መጥቶ አይቶናል፣ አልፈናል" ይባላል። ተቆጣጣሪ በዓመት ስንት ቀን ግቢ ውስጥ ይውላል? የደህንነት ዋናው ኃላፊነት የፈቃድ ባለቤቱ ነው። የፈቃዱ ባለቤት ደግሞ መምህር እገሌ ሳይሆን ተቋሙ ነው። ማለትም ወረቀቱ ላይ የፈረመው የበላይ ኃላፊ። ኢንስፔክተር ሊመጣ ሲል ክፍሉ ተጠርጎ፣ ምልክቱ ተለጥፎ፣ መዝገቡ በአንድ ሌሊት በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ያንን መዝገብ ያየ ኢንስፔክተር ደግሞ ሞኝ አይደለም። የስድስት ወር ፊርማ ቀለሙ አንድ ዓይነት ሲሆን ያውቃል።

በተቋም ውስጥ ይህን የሚያስተባብረው የጨረራ ደህንነት ኃላፊ ነው። ሥራው ምንድን ነው? ምን እንዳለን፣ የት እንዳለ፣ ስንት እንደቀረው ይመዘግባል። ይለካል። የታሸጉት አመንጪዎች እንዳልፈሰሱ ለማረጋገጥ በየጊዜው በጨርቅ ይወለውላቸዋል፤ ጨርቁን መለኪያው ላይ አድርጎ ያነባል። አዲስ ሰው ሲመጣ ያሠለጥናል። የባጅ፣ ማለትም ሠራተኛው ልብሱ ላይ የሚያደርጋት የጨረራ መመዝገቢያ፣ ውጤት ይሰበስባል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ "ቁም" ሲል ሥራ መቆም አለበት።

እዚህ ጋ ነው ችግሩ። ብዙ ቦታ ይህ ሰው ሙሉ የማስተማር ጫና ያለበት ወጣት ሌክቸረር ነው። ደብዳቤ ተጽፎለታል፣ ሰዓት ግን አልተሰጠውም። ተጠሪነቱም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የኃላፊውን ሙከራ ሄዶ ሊያስቆም ነው። ዕድገቱን የሚፈርምለትን ሰው። እኔ የማምነው ይህ ኃላፊ በቀጥታ ለፕሬዝዳንቱ ቢሮ መጠራት እንዳለበት ነው። ደብዳቤው ላይም "ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለው" የሚል ዓረፍተ ነገር በግልጽ መጻፍ አለበት። ያ ዓረፍተ ነገር ከሌለ የቀረው ጌጥ ነው።

የጨረራ ደህንነት ኮሚቴ ሲቋቋምም ሁሉም ዶክተር ይሆናል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የት አለ? የግዥው? የጥበቃ ሺፍት መሪው? ማያፑሪ ላይ የጎደሉት እነሱ ናቸው። ኮሚቴ ላይ አንድ ዶክተር ቢቀንስና አንድ የግምጃ ቤት ሰው ቢገባ እመርጣለሁ።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ፣ ተቋሙን አልጠራም። ግምጃ ቤት ቆጠራ ነበር። የተሰበረ ኦሲሎስኮፕ፣ የጽሕፈት መኪና፣ እግር የሌለው ወንበር ተከምሯል። በሩ አጠገብ ቢጫ ሳጥን አለ። መለያ ወረቀቱ ተልጦ ግማሽ ቃል ብቻ ቀርቷል። የግምጃ ቤቱ ጥበቃ አዛውንት ናቸው፣ ካርቶን አንጥፈው እሱ ላይ ነው የሚቀመጡት። "ከባድ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፣ ለመቀመጫ ይመቻል" አሉኝ። መለኪያውን አስጠጋሁት። በሰዓት 3 ማይክሮሲቨርት (የሚሊሲቨርት ሺኛ) ገደማ አነበበ። ግቢው ውስጥ ሌላ ቦታ 0.1 እና 0.2 መካከል ነው። 3 ሲባል ትንሽ ይመስላል። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ስትመቱት ግን 6 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ለተራ ሰው ከተፈቀደው ስድስት እጥፍ ነው። አባባ በዚህ አይታመሙም፣ እንደዚያ ብዬ አላስፈራራም። ግን ማንም አልነገራቸውም፣ ባጅም አልሰጣቸውም። ሳጥኑ ደግሞ የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር ተሰጥቶታል። "ብረት ሣጥን፣ ከባድ፣ 1" ይላል።

እንዴት እዚያ ደረሰ? አመጣጡ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ጎበዝ መምህር በፕሮጀክት ገንዘብ መሣሪያ ያስመጣል። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦ ይረከባል። ይሠራበታል። ከዚያ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ይሄዳል። አይመለስም፣ እንደምታውቁት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ሜሪላንድ ነው። ከዓመታት በኋላ ክፍሉ ለሌላ ይፈለጋል፣ ቁልፉ ይሰበራል፣ ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት ይወርዳል። በየደረጃው ሁሉም ሰው ሥራውን ሠርቷል። ያ ነው የሚያናድደው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ለትምህርት ሲሄድ ክሊራንስ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ ንብረት ይፈርማል። አንድ መጽሐፍ ያልመለሰ ሰው እንኳ አይለቀቅም። እዚያ ፎርም ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ "የጨረራ ደህንነት ኃላፊ"። ሁለተኛ፣ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ዝርዝሩን ከማጽደቁ በፊት ኃላፊው በመለኪያ ግምጃ ቤቱን ይዙር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው።

ግዥ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው አስቡበት። አመንጪ ስትገዙ ውሉ ላይ "አገልግሎቱ ሲያበቃ አቅራቢው መልሶ ይወስዳል" የሚል አንቀጽ አስገቡ። በግዥ ቀን ሻጩ ፈገግ ብሎ ይፈርማል። ከሃያ ዓመት በኋላ ብትለምኑት ስልክ አያነሳም፣ ምናልባት ኩባንያውም የለም። ዕርዳታ ሲመጣ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ከውጭ አገር ያገለገለ መሣሪያ "በነፃ" ሲሰጣችሁ፣ አንዳንዴ ሰጪው የማስወገጃ ወጪውን ነው እየሰጣችሁ ያለው።

በአግባቡ ማስወገድ ራሱም ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሕንፃ ላይ፣ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች የሲዚየም ማሽን ሲያነሱ የታሸገው ክፍል ተቆረጠ። 13 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፣ ሕንፃው ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ሙያው፣ መሣሪያው፣ ገንዘቡ ባለበት አገር ነው ይህ የሆነው።

ስለ ላብራቶሪ ሰዎችም ሳልናገር አልወርድም። ባጃችሁ የት ነው? እውነቱን ተናገሩ። ብዙ ቦታ ባጁ ከጋውኑ ጋር ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያድራል፣ ተሰቅሎም ይውላል። ሰውየው ይሠራል፣ ግድግዳው ይለካል። ባጅ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክሪስታል ናት። ጨረራ ሲነካት ትይዘዋለች፣ በኋላ ስትሞቅ በብርሃን መልክ ትለቀዋለች፣ ያ ይነበባል። አትከላከልም፣ ትመሰክራለች። ምስክር ደግሞ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። የእርሳስ ሽርጥ የምትለብሱ፣ አንድ ባጅ ብቻ ካላችሁ ከየት በኩል እንደሚደረግ ኃላፊውን ጠይቁና ሁልጊዜ እንደዚያው አድርጉ። ውጤቱን የማወቅ መብት አላችሁ። ባጅ ሰብስቦ ልኮ፣ ውጤቱን ፋይል ውስጥ የሚቀብር ተቋም ግማሹን ሥራ አልሠራም።

መለኪያ መሣሪያም እንደዚሁ። መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ሁለተኛ መቼ እንደተስተካከለ ተለጣፊውን አንብቡ፤ ዓመት ያለፈው ከሆነ አትመኑት። አንዳንድ የጋይገር መለኪያ በጣም ኃይለኛ ጨረራ ውስጥ ሲገባ ታፍኖ ዜሮ ሊያሳይ እንደሚችልም እወቁ። ስለዚህ ከሩቅ እያበራችሁ ነው የምትጠጉት። አጠገቡ ደርሳችሁ አታብሩ።

የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽን ያላችሁ ደግሞ በሩ ሲከፈት ጨረራውን የሚያጠፋ ማብሪያ አለው። ናሙና ቶሎ ቶሎ ለመቀየር ያንን ማብሪያ በፕላስተር አስረው የሚሠሩ አሉ። ጨረራው ቀጭን ነው፣ አይታይም፣ አይሞቅም። ጣት ግን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስሉ የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው፣ እስከ ጣት መቆረጥም የደረሰበት ሰው አለ። ያቺን ፕላስተር ያየ ተማሪ ዝም ማለት የለበትም። መምህሩ የቱንም ያህል ቢከበር።

አጭር ዕድሜ ያላቸው ቀላል ናቸው። ፎስፈረስ 32 ግማሽ ዕድሜው 14 ቀን ነው። ቆሻሻውን ቀን ጽፋችሁበት፣ ቆልፋችሁ አምስት ወር ብታቆዩት ከሺህ አንድ እጅ አይቀርም። ለክታችሁ፣ ምልክቱን ልጣችሁ ትጥሉታላችሁ። መደርደሪያና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለ ምልክቱ አንድ ነገር። ያቺ ሦስት ክንፍ ያላት ቢጫና ጥቁር ምልክት መጀመሪያ የተሳለችው እ.ኤ.አ. በ1946 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ነው። ያኔ ቢጫም አልነበረችም። ሐምራዊ በሰማያዊ ላይ ነበረች። የሠሯት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ የምትገባውም ለእነሱ ነው። ላላወቀ ሰው ቬንቲሌተር ትመስላለች። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2007 ኃይለኛ ለሆኑት አመንጪዎች ሌላ ቀይ ምልክት የተጨመረው፤ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። እኛ ግን ከዚያም ማለፍ አለብን። በአማርኛና በአካባቢው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ "አትክፈት፣ ይገድላል፣ በዚህ ስልክ ደውል" ብለን እንጻፍ። ወረቀት ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ተቀርጾ፣ ሃያ ዓመት የሚቆይ።

ጥያቄዎች ተነስተው ነበር።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ እርጉዝ ብትሆን ከላብራቶሪ ትባረራለች ወይ ብላ ጠየቀች። አትባረርም። ለኃላፊው በጊዜ ትናገራለች። ከዚያ በኋላ ባለው የእርግዝና ጊዜ ፅንሱ ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳያገኝ ሥራዋ ይስተካከላል። ዲግሪዋን ማስተጓጎል መፍትሔ አይደለም። ምስጢሯንም ኮሪደር ላይ ማውራት አይገባም።

አንድ የንብረት ክፍል ባልደረባ "እሺ፣ አሮጌውን አገኘን እንበል። ማን ይወስድልናል?" አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መንገዱ ሦስት ነው። ለአምራቹ መመለስ፣ ፈቃድ ላለው ሌላ ተጠቃሚ ማስተላለፍ፣ ወይም ተቆጣጣሪው በሚፈቅደው የማከማቻ ቦታ ማስረከብ። ሦስቱም ጊዜ ይፈጃሉ። እስከዚያ ድረስ የተቆለፈ፣ ምልክት ያለው፣ ሰው የማይቀመጥበት ክፍል። የመዝገብ ቁጥሩ ከሚወገዱት ዝርዝር ወጥቶ ወደ ፈቃዱ መዝገብ ይግባ። ሚዛን ላይ ብቻ እንዳይወጣ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ የጥበቃ ሺፍት መሪ እጃቸውን አነሱ። "ሌሊት እንዲህ ያለ ሣጥን ተከፍቶ ባገኝስ? ኃላፊው ቤቱ ተኝቷል" አሉ። እንዲህ ነው ያልኳቸው፦ አይንኩት፣ ለማየትም አይጎንበሱ። ራቅ ይበሉ፤ ብዙ በራቁ ቁጥር ይሻላል። ሰው እንዳይገባ በሩን ይያዙ። ማን ነካው፣ ማን አጠገቡ ቆመ፣ ስማቸውን ይጻፉ፣ ወደ ቤት እንዳይሄዱ ይለምኗቸው፤ እጃቸውን ይታጠቡ፣ ሳይታጠቡ አይብሉ፣ አያጭሱ። ከዚያ ይደውሉ። "ቁጥሩን ማን ሰጠኝ?" አሉ ወዲያው። አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ኃላፊው እዚያው ተነስቶ ቁጥሩን ሰጣቸው። የተጠባባቂውንም ጨምሮ። ከዚያ አንዱ የግዥ ሠራተኛ፣ ኃላፊው ሲቀየር ቁጥሩን ማን እንደሚቀይረው ጠየቀ፤ ያ ጥያቄ ለሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ አጀንዳ ተብሎ ተመዘገበ።